በሐዘን ውስጥ ሆኖ መጠበቅ
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በአድቬንት ሰሞን፣ ማለትም ከገና በፊት ክርስቶስን በምንጠብቅባቸው ሳምንታት፣ ሰላም የሚገኘው ከሩጫ ቆም ስንል ነው ይላል። ልክ ነው፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ባረፈችበት ዓመት ቤታችን ጸጥ ብሎ ነበር፤ ልቤ ግን እረፍት አጣ። ያኔ ኢሳይያስ ምዕራፍ 9ን ደጋግሜ አነበብኩ። «የሰላም አለቃ» የሚለው ስም እኮ የተነገረው በጨለማ ለሚሄድ ሕዝብ ነው! ከገና በፊት ባሉት 4 እሑዶች ሻማው አንድ በአንድ የሚበራውም ለዚህ ይመስለኛል። ብርሃኑ በአንዴ አይሞላም። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ከማልቀስ በቀር መጸለይ አቃተኝ። በሦስተኛው «ጌታ ሆይ፣ ና» ማለት ቻልኩ። ሐዘኑ አልሄደም፤ እንቅልፌ ግን ተመለሰልኝ። ዘንድሮ ሐዘን ላይ ያላችሁ፣ ደስ እንዲላችሁ ራሳችሁን አታስገድዱ። እያለቀሳችሁም ቢሆን ጠብቁት።