መድበል በአንድ ሌሊት

የአማርኛ መምህሩ «የየራሳችሁን የግጥም መድበል አዘጋጅታችሁ ታስረክባላችሁ፤ ከ20 ይያዛል» ያሉ ዕለት ክፍሉ ውስጥ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ቲቸር፣ ከቨሩ ከለር ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «በግሩፕ ይቻላል?» ነው። ስለ ግጥም የሚጠይቅ አይገኝም፤ ቢገኝም «ስንት ገጽ ይበቃል?» ለማለት ነው።

ለሥራው ስድስት ሳምንት ይሰጣል። አምስቱ ርእስና ሽፋን ሲመረጥ ያልቃሉ። ርእሱ ልብ፣ እንባ ወይም ጨረቃ ከሌለበት ርእስ አይመስልም። ሽፋኑ ላይ የቀለም ጠርሙስና የላባ ብዕር ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ግን ዕድሜ ልኩን ከቢክ እስክሪብቶ ሌላ ነክቶ አያውቅም። ቀጥሎ ምስጋና ይጻፋል፦ ለፈጣሪ፣ ለወላጆች፣ ለአክስት፣ ለታይፒስቷ፣ «ስማችሁን ላልጠቀስኳችሁ ሁሉ»። ምስጋናው ሁለት ገጽ ይፈጃል። ከግጥሞቹ ሁሉ ረጅሙ ስምንት ስንኝ ነው።

መምህሩ የጠየቁት እንግዲህ 12 ግጥም ነው፦ ሰባት የተመረጡ፣ አምስት የራስ። ሰባት ለመምረጥ ሠላሳ ያህል ማንበብ ያስፈልጋል፤ ያውም ጮክ ብሎ። ሲነበብ ትንፋሽ የሚያቆራርጥ ይወድቃል፤ ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ስንኙ ትዝ የሚል ይቆያል። ከእያንዳንዱ ሥር የገጣሚው ስም፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ የታተመበት ዓመትና ገጹ ይጻፋል፤ ለምን እንደተመረጠም አራት አምስት መስመር ይታከላል። «በጣም ስለሚያምር» ምክንያት አይደለም፤ ግጥሙን ሳያነቡ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነውና።

ተማሪያችን ግን ሠላሳ ግጥም የሚያነብበት ጊዜ የለውም፤ ሽፋን ላይ ነበር። ቴሌግራም ይከፍታል። እዚያ ያማረ ግጥም ሁሉ የሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ሎሬቱ ያረፉት በ1998 ዓ.ም. መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ ስለ ቲክቶክ የተገጠመ ግጥም ሥር ስማቸውን ሲያይ ትንሽ ይጠረጥር ነበር። የሚጠረጥር የለም። እንዲያውም የአንዳንዱ ግጥም የመጨረሻ ስንኝ «ቻናላችንን ይቀላቀሉ» ይላል፤ ቤት ባለመምታቱ ብቻ እንኳ መታወቅ ነበረበት።

የራስ ግጥም ላይ ሲደረስ ዋናው ችግር ቆጠራ ነው። ወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት በአንድ ሐረግ (በግማሽ ስንኝ) ስድስት፣ በአንድ ስንኝ 12 ቀለም ይይዛል፤ ቀለም ማለት ሲነበብ በአንዴ ከአፍ የሚወጣ የድምፅ ቁራጭ ነው። ተማሪው በጣቱ የሚቆጥረው ግን ፊደል ነው። «ትምህርት ቤት» ሰባት ፊደል ነው፤ ቀለሙ ግን ሦስት ብቻ፦ ትም፣ ህርት፣ ቤት። ድምፅ አልባ ሳድስ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ተጣብቆ ስለሚነበብ ብቻውን አይቆጠርም። ፊደል ቆጣሪው ሐረጉ ሞልቶ ፈሰሰ ብሎ ደህናውን ቃል ይሰርዝና ግጥሙን አንካሳ ያደርገዋል። ለማሳያ ያህል፦

ትናንት ያየኋት ልጅ፣ ዛሬ አልመጣችም፤
መምህሩ ግን መጣ፣ እሱማ አይቀርም።

ት-ናንት-ያ-የ-ኋት-ልጅ፦ ስድስት። ዛ-ሬ-አል-መ-ጣ-ችም፦ ስድስት። የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አያስገኝም፤ ግን በሁለት እግሩ ይቆማል።

ሌላው ፈተና የልጅቷን ስም በየስንኙ መነሻ ፊደል መደበቅ ነው። ሰላማዊት ስትሆን ሰ፣ ላ፣ ማ በሰላም ይታለፋሉ። ዊ ላይ መንገዱ ይዘጋል። በዊ የሚጀምር አማርኛ ፍለጋ ሌሊቱ ይጋመስና በመጨረሻ «ዊስኪ» ወይም «ዊልቸር» ፍቅር ውስጥ ይገባሉ። ከዚህ የባሰው ጓደኛው ያለ ምንም ጥርጣሬ ግጥሙን ገልብጦ ለሕይወት ሲሰጣት ነው።

የማስረከቢያው ዋዜማ ማታ ኮምፒውተር ቤት ይኬዳል። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል፤ ስለዚህ በፒዲኤፍ ይዞ መሄድ ነው። 12 ግጥም፣ ሽፋን፣ ማውጫ፣ መቅድም፣ ምስጋና፦ 16 ገጽ። አራት ኤፎር ወረቀት መሐሉ ላይ ሲታጠፍ ልክ ይመጣል። ገጽ 1 ከ16 ጋር፣ በጀርባው 2 ከ15 ጋር ይታተማል፤ ጎን ለጎን የሚያርፉት ቁጥሮች ድምር ሁልጊዜ 17 ካልሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። የጀርባው ኅትመት በአጭሩ ጠርዝ እንዲገለበጥ ካልተነገረው ገጾቹ ተዘቅዝቀው ይወጣሉ። ምስጋናው ግን ሁለት ገጽ ነው ብለናል፤ ስለዚህ መድበሉ 17 ገጽ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በአራት ስለማይካፈል አምስተኛ ወረቀት ይገባና ሦስት ባዶ ገጽ ይተርፋል። ተማሪው «ማስታወሻ» ብሎ ይጽፍባቸዋል።

ስቴፕለሩም እጁ አጭር ስለሆነ መሐል ወገቡ ላይ አይደርስም። ዘርግቶ ከፍቶ፣ ወረቀቱን ካርቶን ላይ አስተኝቶ ከውጭ መምታት፣ ከዚያ ከውስጥ የወጣውን ሽቦ በማንኪያ ጀርባ ማጠፍ ነው። በጥርስ የሚያጥፍም አይጠፋም።

መምህሩ 14 ሰጥተው ሲመልሱት መድበሉ ቤት ይገባል፤ እናት ከስኒዎቹ አጠገብ ቡፌ ላይ ያስቀምጡታል። ቡና ሲፈላ «የልጄን ግጥም አንብቡልኝ እስቲ» ይባላል። ጎረቤት እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንዴ ወደ ጎን ያነቡታል፤ «ዊስኪ ምን አመጣው?» ብለው ይደግሙታል፤ ሦስተኛ ጊዜ ጣታቸውን የስንኞቹ መነሻ ላይ አድርገው ቁልቁል መውረድ ይጀምራሉ።

«ይቺ ሰላማዊት የእነማን ልጅ ናት?»