ከእንቅልፍ ጋር ሒሳብ መተሳሰብ

ወጣት ሳለን የሚቀሰቅሰን አጥተን እናረፍዳለን፤ ዕድሜ ሲጫነን የሚያስተኛን አጥተን እናነጋለን። «ማለዳ የምነሳ ሰው አድርገኝ» እያልን የተማጸንንበት ዘመን ነበር፤ ፈተና ሲደርስ፣ አለቃ ሲቆጣ፣ መኪናው ጥሎን ሲሄድ። ልመናችን ተሰምቷል። መልሱ የደረሰን ግን ጡረታ ከወጣን፣ የሚቆጣን አለቃም ጥሎን የሚሄድ መኪናም ከሌለ በኋላ ነው። አሁን ያለ ደወልና ያለ ቀስቃሽ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይናችን ፍጥጥ ይላል። የምንቸኩልበት ጉዳይ የለም፤ እንዲያው ለመንቃት ብቻ ነቅተናል።

9 ሰዓት ደግሞ ከሰዓቶች ሁሉ ክፉው ነው። 7 ሰዓት ላይ የነቃ ሰው «ገና ሌሊት ነው» ብሎ ይገላበጣል፤ 11 ሰዓት ላይ የነቃ «ነግቷል» ብሎ ይነሳል። 9 ሰዓት ላይ የነቃው ግን መነሳቱ ያሳፍረዋል፣ መተኛቱ እምቢ ይለዋል። ስለዚህ ጋደም ብሎ ጣሪያ ያያል። ጣሪያው ደግሞ በጨለማ አይታይም።

በዚያች ሰዓት በሰው ጭንቅላት ውስጥ ችሎት ይሰየማል። ዳኛውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ምስክሩም፣ ተከሳሹም አንድ ሰው ነው። መጀመሪያ የሚቀርበው መዝገብ ሁልጊዜ የቆየ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንድ ሰርግ ላይ የሙሽራዋን እናት አያቷ መስለውህ «ለዚህ ዕድሜ ያድረሰን» ያልካቸው ጉዳይ። ሴትየዋ ምናልባት በማግስቱ ረስተውታል። ችሎቱ ግን ይርጋ የሚባል ነገር አያውቅም። ቀጥሎ በሩን ቆልፌያለሁ ወይስ አልቆለፍኩም የሚለው ይታያል። ከዚያ የግራ እግር አውራ ጣት ትንሽ ወጋ ታደርጋለች፤ ቀን ላይ ቢሆን ጫማው ጠቦኝ ነው ተብላ የምትታለፍ ነገር ናት። 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን ሰውየው ኑዛዜውን እያረቀቀ ነው። መጻሕፍቱን ለማን እንደሚያወርስ አስቦ ጨርሶ፣ መጻሕፍቱን የሚፈልግ ሰው እንደሌለ ትዝ ሲለው ደግሞ ሌላ የሐዘን መዝገብ ይከፈታል። ወገግ ሲል ችሎቱ ያለ ውሳኔ ይበተናል። ቀጠሮ ለነገ፣ በዚያው ሰዓት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቴ አጠገቤ ታንኮራፋለች። ክፋቱ ማንኮራፋቷ አይደለም፤ ጠዋት ከእኔ ቀድማ «ዛሬስ ዓይኔን ሳልከድን አነጋሁ» ማለቷ ነው።

«ስታንኮራፊ አልነበረም እንዴ?»

«እኔ? አንተ ስትገላበጥ መች አስተኛኸኝ!»

ሌሊቱን ሙሉ የነበረው ብቸኛ የዓይን ምስክር እኔ ነኝ፤ ምስክርነቴ ግን ውድቅ ነው። በእርግጥ እሷም እየዋሸች አይደለም። ሰዎችን በሽቦ ከመሣሪያ ጋር አያይዘው የሚያስተኙ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው፤ እንቅልፍ አጣሁ የሚል ሰው የነቃበትን ጊዜ አስረዝሞ፣ የተኛበትን አሳጥሮ ይቆጥራል። እንቅልፍ ስንተኛ ምስክር የሌለው ነገር ነውና የነቃንባት ሩብ ሰዓት ብቻ ትታወሰናለች። ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት። «አንተም እኮ እንደዚያው ነህ ማለት ነው» አለችኝና ወሬው በዚያው ተዘጋ።

በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች ስንገናኝ የመጀመሪያው ወሬ ይኸው ነው። «እንዴት አደርክ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ሰምቶ የሚጨርስበት ጊዜ ይዞ መምጣት አለበት። ጉዳዩ ወዲያው ውድድር ይሆናል። አንዱ «ሁለት ሰዓት ብተኛ ነው» ይላል። ሌላው «ሁለት ሰዓትማ ምን አለው! እኔ ሸለብ እንኳ አላደረገኝ» ብሎ ይበልጠዋል። ሦስተኛው ረጋ ብሎ «እኔማ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም» ሲል ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ክብረ ወሰኑ ተሰብሯል። ሰውየው ጡረታ ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እንዳለው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተቀብሮ ነበር። ማንም ግን አይጠይቀውም፣ ምክንያቱም እሱን የጠየቀ ነገ እሱም ይጠየቃል። አራተኛው የራሱን መከራ መተረክ ሲጀምር ደግሞ ይኸው ባለ ክብረ ወሰን አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል። ሲነኩት ብድግ ይልና «እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል» ይላል።

ይህቺ «እየሰማሁ ነው» ናት የነገሩ ቁልፍ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በየቤቱ፣ በየሳሎኑ፣ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ አባወራ አለ። አፉ በትንሹ ከፈት ብሏል፤ መነጽሩ ወደ አፍንጫው ጫፍ ተንሸራቷል፤ እጁ ሪሞቱን ጭብጥ አድርጎ ይዟል። ዜናው አልቆ ስፖርት፣ ስፖርቱ አልቆ የእንስሳት ፊልም ተጀምሯል። አንድ ልጅ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ይመጣና ሪሞቱን ከጣቶቹ መካከል አንድ በአንድ ማላቀቅ ይጀምራል። አውራ ጣቱን አላቀቀ። ጠቋሚዋን አላቀቀ። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ አባወራው ዓይኑን ሳይከፍት «እያየሁት ነው!» ይላል። ምን እያየህ ነው ቢሉት ዜና ይላል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ጉማሬ ከውኃ ይወጣል።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላው። በወንበር ላይ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ከዚያ «ደክሞኛል» ብሎ ወደ አልጋ፤ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ተኩል። ከምሳ በኋላ «ጎኔን ላሳርፍ» የተባለባት አንድ ሰዓት። ድምር ስምንት። የአሜሪካው ብሔራዊ የእንቅልፍ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የተመደበው ከ7 እስከ 8 ሰዓት ነው። የእኛ ሰው ሙሉ ድርሻውን በልቶ፣ ሣህኑን ልሶ፣ «አልደረሰኝም» ብሎ እየጮኸ ነው።

የወንበሯ እንቅልፍ ጉዳት ደግሞ በድምሩ አያበቃም። ነቅተን በዋልን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ማታ ላይ ዓይናችንን የሚከድነው የእሱ ጫና ነው። ቡና የሚያነቃን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ካፌይን ቀድሞ ስለሚይዝበት ነው፤ ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃልና የአሥር ሰዓቷ ስኒ እኛ ከተኛን በኋላም ሥራ ላይ ናት። ማታ በወንበር ላይ የሚያንጎላጅ ሰው ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመውን ያንን ጫና ጉማሬ ፊት ያራግፈውና አልጋው ላይ ባዶ እጁን ይወጣል።

ሁሉንም ጥፋት በእኛ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከዓይናችን ኋላ፣ ሁለቱ የዓይን ነርቮች ከሚሻገሩበት በላይ፣ 20 ሺህ ያህል ሕዋሳት ያሉበት የሰውነት ሰዓት አለ። ብርሃን እያየ ራሱን ይሞላል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ሰዓት ወደፊት ይቀድማል፤ በጊዜ ያስተኛል፣ በጊዜ ይቀሰቅሳል። ጨለማ ሲሆን የሚመነጨው ሜላቶኒን ይቀንሳል። ሰው ቢጎትቱት የማይነቃበት ያ ጥልቅ እንቅልፍ ይሳሳል፤ የፊኛ ጥሪም ይበዛል። በልጅነት ነጎድጓድ ያልቀሰቀሰው ሰው ዛሬ ጎረቤት ቁልፍ ሲያዞር ይነቃል።

ሰዓቱ ደግሞ ግትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የእንቅልፍ ሳይንስ አባት የሚባለው ናትናኤል ክላይትማን ብሩስ ሪቻርድሰን ከሚባል ተማሪው ጋር ኬንታኪ ውስጥ ማሞዝ ዋሻ ገብቶ 32 ቀን ተቀምጧል። ፀሐይ በሌለበት ቀኑን 28 ሰዓት አድርገው መኖር ይቻል እንደሆነ ለማየት ነበር። ወጣቱ ሪቻርድሰን አዲሱን ቀን ለመደ። በአርባዎቹ ዕድሜ የነበረው ክላይትማን ግን እምቢ አለው፤ ሰውነቱ ውጭ የተወውን የ24 ሰዓት ቀን ይዞ ወደ ዋሻው ገብቶ ነበር። መምህሩ ወድቆ ተማሪው ያለፈበት ፈተና እምብዛም አይገኝም። ብቻ ለእኛ የሚያጽናና ነገር አለው፤ ክላይትማን 104 ዓመት ኖሯል።

እንቅልፍ አጣሁ ያለ ሰው መካሪ አያጣም። በግ ቁጠር፣ ሞቅ ባለ ውኃ ታጠብ፣ አልጋህን አዙር። «ትንሽ ቅመስ» የሚልም አለ፤ አልኮል በቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቆራርጠዋል፤ ማለትም ያችኑ 9 ሰዓት መልሶ ያመጣታል። ከሁሉ የማልወደው ግን ከኪሱ ኪኒን አውጥቶ «እኔን ረድቶኛል» እያለ የሚያካፍለውን ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት የማስተኛ መድኃኒቶች በእኛ ዕድሜ መውደቅን፣ የአጥንት ስብራትንና የአእምሮ መደናገርን ስለሚያመጡ የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በተቻለ መጠን ይቅሩ ከሚላቸው ውስጥ ናቸው። ሲወስዳቸው የቆየ ሰውም በድንገት አያቆማቸውም፤ ሐኪም ነው ቀስ እያደረገ የሚያወርዳቸው። እንዲሁም ሲተኛ ትንፋሹ ቆም እያለ የሚያንኮራፋ፣ ወይም ሌሊት መንቃቱ ከከባድ የልብ ኀዘን ጋር የመጣበት ሰው፣ ወግ ማንበቡን ትቶ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው የሚሰማው ነገር ግን ያስደነግጠዋል። ቢያንስ በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወር እንቅልፍ እምቢ ካለህ ሥር የሰደደ ይባላል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ የሚባለው የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 በቅድሚያ ይሰጥ ያለው ሕክምና ደግሞ ኪኒን አይደለም፤ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው። ከክፍሎቹ አንዱን አርተር ስፒልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር አስተዋውቆታል፤ ባጭሩ «እንቅልፍ አጣሁ» ለሚል ሰው «እንግዲያውስ አልጋ ላይ የምትቆይበትን ሰዓት ቀንስ» ማለት ነው። ራበኝ ላለ ሰው ጹም እንደማለት ይመስላል፤ ነገር ግን አልጋው ላይ የሚገላበጥበት ሰዓት ሲቀንስ የተበታተነው እንቅልፍ ይሰበሰባል። ሪቻርድ ቡትዚን ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1972 ያመጣው ሌላ ሕግ አለ፤ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋህ ተነስተህ ውጣ፣ ሲያንቀላፋህ ብቻ ተመለስ። አልጋ የመተኛ እንጂ የችሎት ቦታ አይሁን ነው ነገሩ።

ጥሩ፤ ተነሳን። ወዴት እንሂድ? ይህን ቡትዚን አልተናገረም። በሌሊት ቤት ውስጥ ድምፅ የሌለው ነገር የለም። ቀን ላይ ዝም የሚል በር ሌሊት ይጮኻል፤ ብርጭቆ ከብርጭቆ ጋር ነገር ይፈላለጋል። ቁም ሳጥን ላስተካክል ብዬ ተነስቼ ቤቱን በሙሉ አስነስቻለሁ። ሮጀር ኢከርክ የሚባል የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት፣ የድሮ አውሮፓውያን ሌሊቱን ለሁለት ከፍለው እየተኙ በመካከሉ ተነስተው ይጸልዩና ያወጉ እንደነበር ጽፏል። ይህን ለባለቤቴ መከላከያ አድርጌ አቀረብኩላት።

«እነሱ ጸለዩ» አለችኝ፤ «አንተ ካልሲ ትቆጥራለህ።»

ስለዚህ ወደ ጸጥተኛው ሥራ፣ ወደ ስልክ ዞርኩ። ብርሃኑ ለእንቅልፍ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ካልሲ ከመቁጠር ይሻላል። ለልጄ «ደህና አደርሽ ወይ?» ብዬ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«አባዬ! ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ደህና አደርሽ ወይ ነው ያልኩት።»

«በ10 ሰዓት? አላደርኩም እኮ! ገና እያደርኩ ነው!»

ከዚያ በኋላ ልጆቼ ተሰብስበው ሁለት ሕግ አወጡብኝ። የመጀመሪያው ማታ በወንበር ላይ ማንጎላጀት ክልክል ነው፤ ከራት በኋላ ደማቅ ብርሃን ይበራል፣ የሰውነቴ ሰዓት እንዲዘገይ እየተራመድኩ አመሻለሁ። ይህ በእውነት ረድቶኛል፤ ከ9 ሰዓት ወደ 10 ሰዓት ተኩል ተሻሽያለሁ። ሁለተኛው ሕግ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት መልእክት መላክን ይከለክላል። እሱንም አከብራለሁ። ሌሊት እየጻፍኩ አስቀምጥና ልክ 1 ሰዓት ሲሆን ሰላምታውን፣ ምክሩን፣ የድሮ ፎቶግራፉን፣ ስለ ጉማሬ ያወቅሁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ እለቀዋለሁ። ልጆቹ ሦስተኛ ሕግ ለማውጣት እየመከሩ ነው አሉ። ስብሰባው ከምሳ በኋላ ስለሆነ እኔ አልገኝም፤ ጎኔን አሳርፋለሁ።