የበጎ አድራጎት የወይን ቅምሻ፦ ሒሳቡ በር ላይ ይለጠፍ

ለችግረኛ ገንዘብ ለማሰባሰብ የወይን ቅምሻ ሲዘጋጅ የማይዋጥላቸው ሰዎች አሉ። «ምጽዋትና መጠጥ ምን አገናኘው?» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። የጽዋ ማኅበር ያለበት ቤት ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በየወሩ ተራው የደረሰው አባል ጠላ ይጠምቃል፣ ድፎ ይደፋል፣ ጸበል ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላም ደጅ ያሉት ነዳያን ድርሻቸውን ሳይቀበሉ አይሄዱም። ተሰብስቦ መጠጣትና ለሌላው መትረፍ እኛ ዘንድ ተጣልተው አያውቁም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ብሩ የት ይደርሳል?

በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ በተዘጋጀ ቅምሻ ላይ ተገኝቼ ነበር። ገቢው ለሕጻናት ሕክምና ይውላል ተብሏል። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰዉም ደስ ብሎት ነበር የመጣው። ቲኬቴን እያሳየሁ በሩ ላይ የቆመችውን ልጅ «ከዚህ ውስጥ ስንቱ ነው ለልጆቹ የሚሄደው?» ብዬ ጠየቅኳት። አላወቀችም፤ በትሕትና አስተባባሪውን ጠራችልኝ። እሱም «ከወጪ ቀሪው በሙሉ» አለኝ። ወጪውስ ስንት ነው? ገና አልተሠራም።

ድንኳኑ፣ የድምፅ መሣሪያው፣ ባነሩ፣ የብርጭቆው ኪራይ፣ ቪዲዮ የሚቀርጸው ባለሙያ፣ ሁሉም ሒሳባቸው ቀድሞ ተቆርጧል። ልጆቹ ብቻ ናቸው የተረፈውን የሚጠብቁት። ካልተረፈስ? ማንም ሰረቀ አላልኩም፤ አስተባባሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጡ ነው የዋሉት። ግን በታመመ ልጅ ስም ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ መመለስ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ ለአስተዳደር ማዋል አይችልም። የአንድ ቀን ዝግጅት ወጪ እዚያ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለውን ለሕግ ባለሙያዎች ልተወው። ቢያንስ ግን መለኪያ ይሆናል። ከመቶ ብር 80ው ለተባለለት ዓላማ ካልደረሰ ለምን እንዳልደረሰ ይነገረን።

ወይንና ሕክምናን በግልጽ ሒሳብ ያገናኙ ሰዎች ደግሞ አሉ። ፈረንሳይ ውስጥ፣ በርገንዲ በሚባለው የወይን አገር፣ ቦን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ በ1443 የበርገንዲው መስፍን ቻንስለር (ዋና ሹም) የነበረው ኒኮላ ሮላን ከባለቤቱ ጋር ሆኖ እዚያ ለድሆች ሆስፒታል አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ሰዎች በየዘመኑ የወይን እርሻቸውን ለሆስፒታሉ ሲሰጡና ሲያወርሱ ኖረው ዛሬ መሬቱ 60 ሄክታር ገደማ ደርሷል። ከ1859 ጀምሮ ወይኑ በየዓመቱ በጨረታ ይሸጣል፣ አሁን በፈረንጆቹ ኖቬምበር ሦስተኛ እሑድ። ከሁሉ የወደድኩላቸው «የፕሬዚዳንቱ በርሜል» የሚሉትን ነው። ገቢው ለየትኞቹ በጎ አድራጎት ድርጅቶች እንደሚውል አስቀድሞ ይነገራል፣ ዋጋው ሰው ሁሉ እየሰማ ይጨመራል። እ.ኤ.አ በ2022 ያ አንድ በርሜል 810,000 ዩሮ አውጥቷል። ከአዳራሹ የወጣ ሰው ሁሉ ስንት እንደተሰበሰበና ለማን እንደሆነ ያውቃል።

እኛ እንደዚያ ዓይነት ሀብት የለንም፣ ግን ሒሳቡን ለመናገር ሀብት አያስፈልግም። ደግሞ ወይኑ አለን። የአዋሽ ጉደርና አክሱማይት ስንት ሰርግ አሳልፈዋል! የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ከተከለው ወይን የሚጠመቀውም እ.ኤ.አ ከ2014 ጀምሮ በሪፍት ቫሊና በአካሲያ ስም ገበያ ላይ ነው። አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ ለቅምሻ 50 ሚሊ ሊትር እየተቀዳ፣ ለ15 ሰው ይደርሳል። ፋብሪካው ወይኑን በነፃ ከሰጠ፣ የግቢው ባለቤትም ቦታውን ከለቀቀ፣ የቲኬቱ ገንዘብ ምን ይበላዋል? ስለዚህ አንድ ሰሌዳ በሩ ላይ ይቁም። ማን ምን በነፃ ሰጠ፣ ምን በገንዘብ ተገዛ፣ ከአንድ ቲኬት ለልጆቹ ስንት ይሄዳል። ሦስት መስመር በቂ ነው።

ስለ ቅምሻው ራሱም አንድ ነገር ልበል። ያን ቀን ቀዩ ወይን ፀሐይ ላይ ነበር የተደረደረው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጠርሙሱን ስነካው ለብ ብሏል። የአዲስ አበባን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም እሷ ታቃጥላለች። ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ነው ጥሩው፤ ሲሞቅ የፍሬው ሽታ ይጠፋና አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታል። አንድ አዛውንት አሽትተው፣ ቀመስ አድርገው፣ ምንም ሳይናገሩ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለሱት። አምራቹ በነፃ የሰጠው ወይን እንዲህ ስሙ ሲጠፋ ያሳዝናል። ጠረጴዛውን ወደ ዛፉ ጥላ መሳብ ምን ይከብዳል?

የማይጠጣ ሰውም አይረሳ። ሙስሊም ጓደኞቼ፣ ጴንጤ ጓደኞቼ፣ መኪና የሚነዱት፣ እነሱም ለልጆቹ መስጠት ይፈልጋሉ። የታሸገ ውኃ ይዘው ዳር እንዲቆሙ ከማድረግ አንድ ጠረጴዛ ብርዝና የፍራፍሬ ጭማቂ ይዘጋጅላቸው። ቀኑም ቢታሰብበት ጥሩ ነው። ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ ዝናቡ ስለሚያቆም ለውጪ ይመቻል፣ ኅዳር 15 ግን ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የተጠራ ቅምሻ ከሚመጣው ሰው ግማሹን ያጣል። ለዘንድሮ የምታዘጋጁ ካላችሁ ከጾሙ በፊት ባለው ቅዳሜ ጥሩን፣ ሰሌዳውን አቁሙት፣ እኔ ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ።