በቀን መቁጠሪያ የተከፈለ የገበሬ ድጎማ

በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው ሰምነር ካውንቲ (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) «የዓለም የስንዴ መዲና» በሚል ቅጽል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በኮሮና ወረርሽኝ ለተጎዱ ገበሬዎች 16 ቢሊዮን ዶላር በቀጥታ እንደሚከፍል ሲያስታውቅ፣ የዚህ ካውንቲ ገበሬ በስንዴው ሰባራ ሳንቲም አልደረሰውም። ደንቡ ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ዋጋቸው ቢያንስ 5 በመቶ ለወረደ ምርቶች ብቻ ስለሚከፍል፣ በሰሜን ዳኮታ በብዛት የሚመረተው ዱረም (የፓስታ) ስንዴ ሲካተት፣ ካንሳስ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ዘርታ በቀጣዩ ጁን የምታጭደው ቀይ ስንዴ ከመስፈርቱ ውጭ ቀረ። ይህ የተስተካከለው በሴፕቴምበር በታወጀው ሁለተኛ ዙር፣ ሁሉም የስንዴ ዓይነት ሲካተት ነው።

መንግሥት መፍጠኑ የሚያስመሰግነው ነው። ማመልከቻ መቀበል የተጀመረው በሜይ መጨረሻ ሲሆን፣ የሚኒስቴሩ የካውንቲ ቢሮዎች ባለጉዳይ በአካል ማስተናገድ ባልቻሉበት ወቅት እንኳ በስልክ ሠርተዋል። ቅሬታዬ ገንዘቡ በተከፋፈለበት መንገድ ላይ ነው፤ የከብት አርቢዎች ጉዳይ ይህንን ከሁሉም በላይ ያሳያል።

ለእርድ የደረሰ የሰባ ሰንጋ እስከ ኤፕሪል 15 የሸጠ አርቢ በአንድ ከብት 214 ዶላር ተከፈለው። ያንኑ ዓይነት ሰንጋ በማግስቱ በበረቱ ይዞ የተገኘ ጎረቤቱ ግን የደረሰው 33 ዶላር ብቻ ነው። የሚያሳዝነው፣ ሠራተኞቻቸው በቫይረሱ በመታመማቸው ትልልቅ የሥጋ ማቀነባበሪያዎች ሥራ ያቆሙትና ያቀዘቀዙት በአብዛኛው ከዚያ ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ገዢ ያጣው፣ ከብቱን ለተጨማሪ ሳምንታት እየቀለበ ኪሳራው የከበደበት ገበሬ ትንሹን ክፍያ ወሰደ ማለት ነው። ኮንግረስ በዲሴምበር 2020 ባጸደቀው ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ከብት 63 ዶላር ቢጨመርም፣ ሁለቱ ተደምረው እንኳ ቀድሞ የሸጠው ካገኘው ግማሽ አይሞሉም።

ሁለተኛው ችግር ክፍያው የምርት መጠንን መከተሉ ነው። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ጣሪያ 250,000 ዶላር ሲሆን፣ በሥራው የሚሳተፉ ሦስት ባለድርሻዎች ያሉት ኩባንያ እስከ 750,000 ዶላር መውሰድ ይችል ነበር። ብዙ ያመረተ ብዙ ይከስራል የሚለው መከራከሪያ በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ትልቁ ገበሬ የባንክ ብድርም የሽያጭ ውልም ሲኖረው፣ ሃያ ላም ያለው አርቢ የሚደገፍበት ነገር የለውም። መጠንን የተከተለ ክፍያ የቆየውን የመሬት አለመመጣጠንም ይዞ ይመጣል። በወቅቱ የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ቶም ቪልሳክ በ2021 እንደተናገሩት፣ ከዚህ ድጎማ ለጥቁር ገበሬዎች የደረሰው 0.1 በመቶ ብቻ ነበር።

የተሻለ መንገድ ነበር። ለመጀመሪያዎቹ መቶ ከብቶች ወይም ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኤከሮች ከፍ ያለ ክፍያ አድርጎ ከዚያ በላይ ላለው መቀነስ፣ እንዲሁም አንድ ቁርጥ ቀን ከመያዝ ይልቅ የየሳምንቱን የገበያ ዋጋ መከተል ይቻል ነበር፤ ሚኒስቴሩ ዋጋውን እንደሆነ ራሱ በየሳምንቱ ያወጣል። በ2025 የወጣው የ10 ቢሊዮን ዶላር የሰብል ድጎማም ቢሆን የተሰላው በ2024 በተዘራ ኤከር ብዛት በመሆኑ፣ ሰፊ መሬት ያለው ዛሬም ሰፊውን ድርሻ ይወስዳል።