ጆሮ ያለው ህዋስ ይስማ

በዚህ ዘመን ያለ ጠበቃ የሚከሰስ፣ ያለ ምስክር የሚፈረድበት አንድ ምስኪን አለ፤ ስሙ ሆርሞን ይባላል። ሴት ከተቆጣች ሆርሞን ነው። ነፍሰ ጡር ካለቀሰች ሆርሞን ነው። ጎረምሳ በር ወርውሮ ከዘጋ ሆርሞን ነው። ጎልማሳው ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የልጁን ዓይነት ሱሪ ታጥቆ ብቅ ካለ ደግሞ፣ ሚስቱ ሌላ ስም ብታወጣለትም፣ ጓደኞቹ በደግነት «ሆርሞን ነው» ይሉለታል።

ክሱ አድልዎም አለበት። ስብሰባ ላይ አለቃው ጠረጴዛውን ሲደበድብና የውሃ ብርጭቆዎቹ ሲዘሉ «ቆራጥ ሰው ነው» ይባላል። ከጠረጴዛው ማዶ ያለችው የሒሳብ ባለሙያ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብላ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ ካደረገች ግን፣ ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ ይጠቃቀሱና «ዛሬ ሆርሞኗ ተነስቷል» ይባባላሉ። አለቃው ደም ውስጥ ምን እንደሚዞር የሚጠይቅ የለም። ሰውየው ሆርሞን አልፈጠረበትም መሰለኝ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሆርሞን አዋጅ ነጋሪ እንጂ አዛዥ አይደለም። ደም ውስጥ ገብቶ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ይዞራል። የጾታ ሆርሞን ከሆነ ደግሞ ነፃ ሆኖ የሚዞረው ጥቂቱ ነው፤ ከመቶው ዘጠና ሰባትና ዘጠና ስምንቱ ደም ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ይጓዛል። የሚናገረው ለሁሉም ነው፤ የሚሰማው ግን ጆሮ ያለው ህዋስ ብቻ ነው። ይህ ጆሮ ተቀባይ ወይም ሪሴፕተር የሚባለው ፕሮቲን ነው። የጾታ ሆርሞኖች የስብ ወገን ስለሆኑ በር ሳያንኳኩ የህዋሱን ሽፋን አልፈው ይገባሉ፤ ውስጥ ሲጠብቅ የቆየው ተቀባይ ያዝ ያደርጋቸዋል፤ ቅርጹን ይለውጣል፤ ከመሰሉ ጋር ጥንድ ይሆናል፤ ከዚያም ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ ይኸኛው ዘረመል ይነበብ፣ ያኛው ዝም ይበል ይላል። ፈጣን አቋራጭ መንገድም አለ፤ ዋናው ሥራ ግን ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። በሁለት ሴኮንድ ለተደበደበ ጠረጴዛ መጀመሪያ አስተዳደግን መጠርጠር ሳይሻል አይቀርም።

ተቀባይ የሚባል ነገር መኖሩ የታወቀው ብዙም ሳይርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤልዉድ ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ ቺካጎ ውስጥ ኤስትራዳዮልን፣ ማለትም ኤስትሮጅን ከሚባሉት የሴት ሆርሞኖች ዋናውን፣ በራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ምልክት አድርጎበት ለአይጦች ሰጠና የት እንደሚደርስ ተከታተለ። ሆርሞኑ ጡንቻ ውስጥ ገባ፤ ወዲያው ወጣ። ማህፀን ውስጥ ግን ገብቶ ቀረ። በጊዜው የነበረው እምነት ሆርሞኑ በኢንዛይም እየተለዋወጠ ይሠራል የሚል ነበር፤ ጄንሰን ያገኘው ግን ሳይለወጥ አንድ ነገር ይዞት እንደተቀመጠ ነው። ከዚያ ወዲህ «ማን ተናገረ?» ከሚለው ይልቅ «ማን ሰማ?» የሚለው ጥያቄ ክብደት አገኘ። የስብሰባ ሰዎች እስካሁን አልደረሱበትም።

ሰሚው ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል ምን እንደሚሆን በተፈጥሮ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች የጻፉለት የ28 ዓመት ሰው ቁመቱ 2 ሜትር ከ4 ሳንቲሜትር ነበር፤ በዚያ ዕድሜው ገና ያድጋል። አጥንቱ ግን የሳሳ ነው። ወንድነቱ ምንም አልጎደለውም፤ የወንድ የሚባለው ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮኑ፣ እንደማንኛውም ወንድ ነው። የጎደለው የሚሠራ የኤስትሮጅን ተቀባይ ነበር። ደሙ ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን ከበቂ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ሐኪሞቹ በብዛት ቢጨምሩለትም ሰሚ ያጣ ጩኸት ሆኖ ቀረ። ለካስ ወንዱንም «በቃህ፣ ማደግህን አቁም» የሚለውና አጥንቱን የሚያጠነክረው፣ የሴት ነው ተብሎ የተናቀው ሆርሞን ኖሯል! ደረቱን እየደቃ «የወንድ አጥንት አለኝ» የሚል ሰው ምስጋናውን ለማን እንደሚልክ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

በሌላ በኩል የወንድ የሆኑትን ኤክስና ዋይ ክሮሞዞም ይዘው የተወለዱ፣ ቴስቶስትሮን በደንብ የሚያመርቱ፣ ተቀባያቸው ግን ጨርሶ የማይሰማ ሰዎች አሉ። የሚወለዱት በሴት አካል ነው፤ እንደ ሴት ያድጋሉ፤ ብዙዎቹ ነገሩን የሚያውቁት የወር አበባ ዘግይቶባቸው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ነው። ከአዋጁ አንድም ቃል አልጎደለም፤ የሰማ ግን የለም።

ቴስቶስትሮንንና ኤስትሮጅንን እንደ ሁለት ጠበኛ ጎሣ ማየታችንም የሚገርም ነው። ሁለቱም የኮሌስትሮል ልጆች ናቸው። የሴቷ ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻዋ) ኤስትራዳዮልን የሚሠራው መጀመሪያ የወንድ የሚባሉትን ሆርሞኖች ሠርቶ ነው፤ ከዚያ አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይለውጣቸዋል። ቴስቶስትሮንና ኤስትራዳዮል የሚለያዩት በአንዲት ካርቦንና በአራት ሃይድሮጅን ነው። ስንት ተረትና ምሳሌ፣ ስንት የሠርግ ምክር፣ ስንት የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ የተሠራው በዚህች ካርቦን ላይ ነው! ይባስ ብሎ በወሩ አብዛኛ ቀናት ሴቷ ደም ውስጥ ከኤስትራዳዮል ይልቅ ቴስቶስትሮን በልጦ ይገኛል። «ዛሬ ሆርሞኗ ተነስቷል» ያሉት ሁለቱ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ቢጠየቁ ደስ ይለኝ ነበር።

ወንድነትን በመርፌ የመጨመር ምኞትም ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ስመ ጥሩው ሐኪም ብራውን ሴካር በ72 ዓመቱ ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወጋና ፓሪስ ላይ በምሁራን ፊት ቆሞ ጎረምሳ ሆኛለሁ አለ። ደረጃ በሩጫ መውጣት ጀመረ። የሽንቱን ርቀት ሳይቀር ለክቶ መጨመሩን አበሰረ። የዘር ፍሬ ቴስቶስትሮንን እያመረተ ይለቃል እንጂ አያጠራቅምም፤ በውሃ ተጨምቆ የሚወጣውም ኢምንት ነው። ስለዚህ አዛውንቱን ደረጃ ያስሮጣቸው ተስፋ ነበር ማለት ነው። ለሽንቱ ርቀት ግን እስካሁን ማብራሪያ አላገኘሁለትም።

የጎረቤታችን ልጅ ተስፋ ብቻ አልበቃውም። ከስፖርት ቤት ጓደኞቹ ጋር እየተማከረ እውነተኛውን ሆርሞን መወጋት ጀመረ። ክንዱ አበጠ፣ አንገቱ ጠፋ፣ ቲሸርቱ ሊተረተር ደረሰ። ሰውነቱ ግን የራሱ ተቆጣጣሪ አለው፤ ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ የሚባሉት የአንጎል ሹማምንት ደሙ ውስጥ ያለውን መጠን ይከታተላሉ። ከውጭ የሚገባውን ሲያዩ «ምርት ሞልቷል፣ ፋብሪካው ይዘጋ» አሉ። ትእዛዙ ሲቋረጥ የዘር ፍሬው ሥራ ፈትቶ ይሟሽሻል፤ የዘር ፈሳሹም ባዶ ይሆናል። የተረፈውን ቴስቶስትሮን ደግሞ ያ አሮማቴዝ አያባክንም፤ ወደ ኤስትራዳዮል ይለውጠዋል። ጡት ላይ ያሉት ተቀባዮች ከጉርምስና ጀምሮ ሲጠብቁት ኖረዋልና በደስታ ሰሙት። ልጁ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ሰፊ ሹራብ ደርቦ ይሄዳል። እጆቹንም ደረቱ ላይ ማጣመር አብዝቷል። እናቱ ጨዋ ሆኗል ትላለች።

እኔን ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የፀጉር ጉዳይ ነው። ቴስቶስትሮን ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ተለውጦ ከተቀባዩ ጋር ይበልጥ ሲጣበቅ፣ አገጭ ላይ ያለው የፀጉር ሥር «እደግ» ተብያለሁ ብሎ ይሰማል፤ አናት ላይ ያለው ያንኑ ቃል «ክሳ» ብሎ ይሰማዋል። ከአገጭ እስከ አናት ያለው መንገድ እዚህ ግባ አይባልም። ተመራማሪው ጄምስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1942 እንደጻፈው፣ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች መላጣ አይሆኑም፤ ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው ግን ከመላጣ ቤተሰብ የተወለዱት ፀጉራቸው ይመለጥ ጀመር።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። በቀኝ በኩል ያስረዘሟትን ፀጉር በግራ እጃቸው አናታቸው ላይ እያስተኙ፣ «ታዲያ መላጣነት የሞላ ወንድነት ምልክት ነዋ! እኔ እኮ የአባቴ ልጅ ነኝ» አሉኝ። የመላጦች ቴስቶስትሮን ከሌላው እንደማይበልጥ፣ ልዩነቱ የፀጉራቸው ሥር ጠንቃቃ ሰሚ መሆኑ ብቻ እንደሆነ አስረዳሁ። አላሳዘናቸውም። ያሳዘናቸው ቀጥሎ ያልኩት ነው። የቴስቶስትሮን ተቀባይ የሚሠራበት ዘረመል ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ደግሞ ያለችውን አንዲት ኤክስ የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ጺሙም፣ ጎርናና ድምፁም፣ የሚፎክርበት ሁሉ የሚሰማበት ጆሮ የእናቱ ስጦታ ነው። በመላጣነት ውስጥ ሌሎች ብዙ ዘረመሎች፣ የአባትም ጭምር፣ እጃቸው ቢኖርበትም፣ የዚህኛው ድርሻ ከፍተኛ ነው።

«እናቴ? እናቴ እኮ ፀጉሯ እስከ ወገቧ ነበር» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ስልካቸውን አነሡና ታላቅ እህታቸው ዘንድ ደወሉ፤ የእናታቸው አባት ፀጉር እንዴት እንደነበር ጠየቁ። የእትዬ ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማኝ፦ «አያታችንን ነው የምትለኝ? ኧረ አንተ ልጅ፣ እሳቸው ባርኔጣ ሲያወልቁ እኮ ዓይናችንን እንጨፍን ነበር!»