60 ክሬዲት ተላለፈ ማለት 60 ተቆጠረ ማለት አይደለም

ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ትምህርት ያነበብኩት ጽሑፍ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመዛወራችሁ በፊት «መጀመሪያ ሁለቱን ዓመት ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) በርካሽ ተማሩ» ማለቱ ትክክል ነው። እኔም እዚህ ቨርጂኒያ ልጄን ያስተማርኳት እንደዚያ ነው። ግን ዋናውን ነገር ዘሎታል። የልጄን 60 ክሬዲት (የተማረቻቸው ኮርሶች የሚለኩበት ነጥብ) አንድም ሳይቀር ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎታል፤ 11ዱ ግን «የምርጫ ኮርስ» ተብሎ ስለተመዘገበ ከኢንጂነሪንግ ዲግሪው ላይ ምንም አልቀነሰላትም። የትኛው ክሬዲት በምን እንደተመዘገበ የሚያሳየውን ወረቀት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን እያንዳንዱን መስመር በጣታችን እየተከተልን ስናነብ ዓይኗ እንባ ሞላ። የኮሚኒቲ ኮሌጁ አማካሪዋ ለኢንጂነሪንግ ከሚያስፈልገው ካልኩለስ ፋንታ ሌላ ሂሳብ ነበር ያስወሰዳት።

እባካችሁ ወላጆች፣ ገና ከመጀመሪያው ሴሚስተር ልጃችሁ የምትሄድበትን ዩኒቨርሲቲና የትምህርት ዘርፉን ለይታችሁ ኮርሶቹን ራሳችሁ አመሳክሩ። እዚህ «ትራንስፈር ቨርጂኒያ»፣ ካሊፎርኒያ ላላችሁ ደግሞ «አሲስት» የሚባሉት ድረ ገጾች የኮሚኒቲ ኮሌጁ የቱ ኮርስ በዩኒቨርሲቲው በየትኛው እንደሚተካ ያሳያሉ፤ ሁለቱም በነጻ ነው። ከ«ሲ» (C) በታች የሆነ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ እንደማይተላለፍም እወቁት። የየኮርሱን ሲላበስ (የኮርሱን ይዘት ዝርዝር) ደግሞ እንዳትጥሉ! እኛ ይግባኝ ብለን ሲላበሱን ስናቀርብ ከ11ዱ 4 ክሬዲት ለዲግሪዋ ተቆጥሮላታል።