ባለቤቱ የጠፋ ቤት ካለ ካሜራ አውጡበት

እስካለፈው ወር ድረስ "ሕዝባችን ለአሮጌ ቤት ደንታ የለውም" ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። የአንድ ፈራሽ ቤት ባለቤቶችን ብዛትና ትጋት በዓይኔ አይቼ ተመልሻለሁ። ሰው ለወለደው ልጅ እንኳ እንዲህ ሲሮጥ አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሆነን አጭር ፊልም ልንሠራ ተነሳን። 11 ደቂቃ። በጀት የለም። ትንሽ ነው አላልኩም፣ የለም ነው ያልኩት። ካሜራው የካሜራማናችን የሰርግ መቅረጫ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ እንጀራው ስለሆነ ለእኛ የሚተርፈው ማክሰኞ ነው። ብርሃን ወደ ተዋናዩ ፊት የምንመልስበት ሪፍሌክተራችን የፍሪጅ ካርቶን ላይ የተለጠፈ የኩሽና ፎይል ነው። ታሪኩ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ የአባቱን ቤት ፍለጋ ስለሚመለስ ሰው ነው፣ ስለዚህ አንድ የተተወ የገጠር ቤት ያስፈልገናል። ከአዲስ አበባ ብዙ ያልራቀ ቢሆን ይመረጣል፤ ትራንስፖርቱ ከእኔ ኪስ ነውና።

ቀላል መስሎን ነበር። የፈረሰ ነገር በዚህ አገር ይጠፋል? ይጠፋል። የጭቃ ቤት ከተተወ አይቆይም። ሰው ለቆ ሲሄድ መጀመሪያ የሚነሳው ቆርቆሮው ነው፣ ቆርቆሮ ገንዘብ ነው። ከዚያ በርና መስኮቱ። ከዚያ ማገሩ ለማገዶ። ጣሪያ ያጣ ጭቃ ደግሞ አንድ ሁለት ክረምት ከወረደበት ወደ መጣበት አፈር ይመለሳል፣ በሦስተኛው ዓመት ጎመን ተተክሎበት ታገኙታላችሁ። በሰበታ በኩል ፈለግን፣ በቡራዩ በኩል ፈለግን። ያገኘነው ያላለቀ ቪላ ብቻ ነው፣ ፌሮው ወደ ሰማይ ተቀስሮ የቀረ፣ ጎረቤት ሲጠየቅ "የዲያስፖራ ነው" የሚባልለት ዓይነት። የአባት ቤት አይመስልም። የአባት ዕዳ ነው የሚመስለው።

በመጨረሻ ሱሉልታ ወጣን። ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር፣ ጆሮ በሚቆርጠው የሜዳው ነፋስ። እዚያ አየናት። የድንጋይ ግድግዳ፣ ግማሽ ጣሪያ። ድሮ የገበሬ ማኅበር መጋዘን ነበረች አሉን። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ መሬቱ ከባላባት ተወስዶ የሕዝብ ሀብት ሆነ፣ ገበሬውም በየአካባቢው በማኅበር ተደራጀ፤ ይቺም መጋዘን "የሁላችን" ሆና ተሠራች። የሁላችን የሆነ ነገር እንዴት እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። የበሩ ማጠፊያ ሳይቀር ተነቅሎ ሄዷል።

ግን ውስጧ! ጣሪያው በተረፈበት በኩል ግድግዳው ላይ በከሰል የተሰመሩ ሰረዞች አሉ። አራቱ ቆመው አምስተኛው ያቋርጣቸዋል፣ ከዚያ እንደገና አራት። ጆንያ የተቆጠረበት ነው። ከሰረዞቹ ሥር ኩበት ተሰጥቷል፣ እያንዳንዱ ላይ የአንድ እጅ አምስት ጣት ታትሞ ይታያል። በጣሪያው ሽንቁር የገባው የጠዋት ጨረር ልክ እዚያ ላይ አርፏል። ካሜራማናችን አፉን ዘጋ። ከማውራት የማይቦዝን ሰው ስለሆነ ቦታው ይሄ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

የካሜራውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ትሪፖዱን ዘረጋን። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ በግ ጠባቂ ልጅ መጣ። ቆሞ አየን፣ ምንም ሳይናገር ሄደ። ይሄ ልጅ እኛ ስልካችን ላይ የሌለን ኔትወርክ እሱ ጋ አለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ ዱላቸውን ይዘው ከሜዳው ማዶ ብቅ አሉ።

"ማን ፈቀደላችሁ?"

"አባባ፣ ባለቤቱ ማን ነው?"

"እኔ ጥበቃ ነኝ።"

"የማን ጥበቃ?"

"የቤቱ ነዋ!"

በር የለውም፣ መስኮት የለውም፣ ግማሽ ጣሪያው የለም፣ ጥበቃ ግን አለው። ሌላው ጥበቃ ያለውን ነው የሚጠብቀው፤ እሳቸው የሄደውንም ጭምር ይጠብቃሉ። በሩ ሲነቀል የት ነበሩ ብዬ አልጠየቅኩም፣ ነውር ነው። ተራቸው አልነበረም ይሆናል።

ቀጥሎ ኮሚቴ መጣ። ሦስት ሰዎች። የምን ኮሚቴ እንደሆነ አልተነገረንም፤ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ከቆመና አንዱ እጁን ወደ ኋላ ካደረገ ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ደብዳቤ ጠየቁ። ደብዳቤማ አለን! ከአዲስ አበባ አንድ ቢሮ ሁለት ሳምንት ተመላልሰን፣ "ነገ ኑ" እና "ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው" እየተባልን ያወጣነው፣ ማኅተሙ ጥርት ያለ ደብዳቤ። ተቀበሉ። አገላበጡ። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው በጀርባው አዩት።

"ይሄ የአዲስ አበባ ነው" አሉ።

ልክ ናቸው። ሱሉልታ ከ2015 ጀምሮ አዲስ አበባን ዙሪያዋን የከበበችው የሸገር ከተማ ውስጥ ናት። ማኅተማችን እንጦጦን ሲሻገር ሞቷል። ጥፋቱ የእኛ ነው። የኮሚቴውን አዋቂነት ግን አድንቁልኝ፤ ከደርግ ውድቀት ወዲህ ማንም አንድ ሚስማር ያልመታባት መጋዘን ዛሬ በየትኛው ከተማ አስተዳደር ሥር እንደምትገኝ አብጠርጥረው ያውቃሉ።

ከዚያ ወራሹ መጣ፣ በሞተር። "የተሠራው አያቴ መሬት ላይ ነው" አለ። ጓደኛዬ ዝም ማለት ሲችል አጉል ዕውቀቱን አወጣ። የአያትህ መሬት በ1967 አልተወረሰም እንዴ፣ ሕገ መንግሥቱስ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አይልም እንዴ አለው። ልጁ አልተናደደም። ፈገግ አለና "ታዲያ እኔ ሕዝብ አይደለሁም?" አለው።

እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

ዋጋም ተነገረን። በቀን 15,000 ብር። "ዩቲዩብ ላይ ጭናችሁ ዶላር ትበሉበታላችሁ" ተባልን። ቻናላችን 212 ሰብስክራይበር አለው፣ አብዛኛው ዘመድ ነው፣ የቀረው በስህተት የገባ። "ከየትኛው ቴሌቪዥን ናችሁ?" ያሉም ነበሩ። ከየትኛውም አይደለንም ስንል ፊታቸው ወደቀ፤ ቴሌቪዥን ብንሆን ኖሮ ቤቷ በነጻ፣ ቡናውም በላዩ ነበር መሰለኝ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የዚች መጋዘን አጥር ግን ተነቅንቆ ብቻ አልቀረም፣ ተነቅሎ በአካባቢው ምድጃ ሁሉ ነድዶ አልቋል፣ ያኔ የተናቀ ባለቤት አልነበረም። ባለቤትነት የሚጀምረው ትሪፖድ ሲዘረጋ ነው። የሱሉልታ ጠባይ እንዳይመስላችሁ፣ መሃል ከተማም ያው ነው። የቱቦ ክዳን ጠፍቶ ሰው እግሩን ሲሰብር የሚመለከተው አካል የለም። ስልካችሁን አውጥታችሁ ጉድጓዱን ፎቶ አንሱት እስኪ! የሚመለከተው አካል "መቅረጽ ክልክል ነው!" እያለ ከየት እንደመጣ ሳታውቁት ጎናችሁ ይቆማል። ስለዚህ ኃላፊ የጠፋባችሁ ሁሉ አቤቱታ መጻፉን ተዉት፣ ካሜራ አውጡ። ካሜራ ባይኖራችሁ ትሪፖዱ ብቻም ይበቃል።

ስንከራከር ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ይሄ በባዶ ኪስ ፊልም ያልሠራ ሰው አይገባውም። መብራት የለንም፣ መብራታችን ፀሐይ ናት፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የተዋናዩን ዓይን ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ታደርገዋለች። የምንሠራው ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩልና ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋቱን ለጥበቃና ለኮሚቴ ሰጠን። ማታውን ለወራሹ።

በመሃል አንዲት እናት ጆንያ ይዘው መጡ። ማንንም ሰላም አላሉም። ኮሚቴውን ሰንጥቀው ገቡ፣ ጎንበስ አሉና ኩበቱን አንድ በአንድ ይገለብጡ ጀመር። የደረቀውን ወደ ጆንያው፣ እርጥቡን መልሰው ወደ መሬት።

"እማማ፣ እርስዎም ባለቤት ነዎት?" አልኳቸው።

"የምን ባለቤት? ኩበቴን አትርገጡብኝ ብቻ!"

"ልቅረጽዎት?" አለ ካሜራማናችን።

"ቅረጽ፣ ምን ይጎድልብኛል?"

40 ሰከንድ ቀረጸ። ጣታቸው የቀድሞው የጣታቸው አሻራ ላይ ሲያርፍ ይታያል። ፊልማችን እስካሁን ያቺ ብቻ ናት።

አመሻሹ ላይ ዋጋው ወደ 3,000 ወረደልን። የመሳፈሪያውን ቀንሰን ኪሳችንን ስንደምር 740 ብር ሆነ። እሺ ይሁን ተባለ፣ ግን ማን ይቀበል? ጥበቃው የእኔ ነው አሉ። ኮሚቴው በደረሰኝ ነው አለ፣ ደረሰኝ ግን የለውም። ወራሹ የሞተሩን ሞተር አስነሳ። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሲሄድ እኛ ቀስ ብለን ትሪፖዱን አጠፍን፣ ካርቶናችንን ብብታችን ሥር ሸጎጥን፣ ወደ አስፋልቱ ወረድን። ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ከገባ በኋላ ለካ እኛም የለንም።

ባለፈው እሁድ ደግሞ ቤቴ በረንዳ ላይ ሆኜ ቡና እጠጣለሁ። ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ የተሰነጠቀ የውሃ ታንከር ተጋድሟል፣ አራት ዓመት አልፎታል፣ ድመት ወልዳበታለች፣ እኔን ጨምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም። ሁለት ሴት ልጆች ስልካቸውን ድንጋይ ላይ አቁመው ታንከሩ ፊት ሊጨፍሩ ይዘጋጃሉ፣ ለቲክቶክ መሆኑ ነው።

"እናንተ! ማን ፈቀደላችሁ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነው።

አንደኛዋ ቀና አለች። "ይቅርታ ጋሼ፣ የእርስዎ ነው እንዴ?"

ኧረ አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ።

"ኮሚቴ ነኝ" አልኳት።